በአሜሪካ የፊዚዮቴራፒ ፈቃድ ማውጣትና ማደስ፦ ኢትዮጵያ ውስጥ ለተማሩ ባለሙያዎች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በፊዚዮቴራፒ ተመርቆ፣ ጥቂት ዓመታት በሆስፒታል ሠርቶ፣ በዲቪ ወይም በቤተሰብ በኩል አሜሪካ የገባ ባለሙያ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የአሜሪካን ፈቃድ እንዴት ላውጣ?» ብሎ ነው። የአሜሪካ ፈቃድ የሚባል ነገር የለም። የፌዴራሉ መንግሥት ለፊዚዮቴራፒስት የሙያ ፈቃድ አይሰጥም። የሚሰጡት ሃምሳዎቹ ግዛቶች፣ ዋሽንግተን ዲሲና እንደ ፖርቶ ሪኮ ያሉ አስተዳደሮች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሕግና የራሳቸው ቦርድ አላቸው። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በሜሪላንድ ፈቃድ የሚሠራ ባለሙያ ወንዙን ተሻግሮ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ የአንድ ታካሚ ጉልበት ቢያንቀሳቅስ፣ በቨርጂኒያ በኩል መብት ከሌለው ሕግ ጥሷል። ሕክምናው በቪዲዮ ቢሆንም ነገሩ ያው ነው፤ የሚታየው ባለሙያው የተቀመጠበት ሳይሆን ታካሚው ያለበት ግዛት ነው።

ስለዚህ ከዚህ በታች የምዘረዝረው ሁሉ ከአንድ ውሳኔ ይነሳል፦ የየትኛው ግዛት ፈቃድ? ይህን ሳይወስኑ ለግምገማ ገንዘብ የከፈሉ፣ ለእንግሊዝኛ ፈተና የተቀመጡ፣ ከዚያም «የእኛ ግዛት ይህን አይቀበልም» የተባሉ ብዙ ናቸው።

አንደኛ፦ ግዛቱን ይምረጡ

የመረጡትን ግዛት የፊዚዮቴራፒ ቦርድ ድረ ገጽ ይክፈቱና ከአሜሪካ ውጭ ለተማሩ አመልካቾች የተጻፈውን ክፍል ያንብቡ። የዘመድና የጓደኛ ምክር ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ጓደኛዎ ያመለከተው ከአምስት ዓመት በፊት በሌላ ግዛት ሊሆን ይችላል። ሲያነቡ የሚከተሉትን ለይተው ይጻፉ፦ ቦርዱ የየትኛውን ድርጅት የትምህርት ግምገማ ይቀበላል? የእንግሊዝኛ ፈተና ይጠይቃል ወይስ በደብዳቤ ያልፋል? ብሔራዊውን የሙያ ፈተና ካለፉ በኋላ በቁጥጥር ሥር የሚሠራ የልምምድ ጊዜ አለ? የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የግድ ነው?

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ቨርጂኒያ እውቅና ካለው የአሜሪካ ፕሮግራም ውጭ የተማረን ሰው ፈቃድ ባለው ፊዚዮቴራፒስት ቀጥተኛ ቁጥጥር ሥር 1,000 ሰዓት እንዲሠራ ትጠይቃለች። በሙሉ ጊዜ ሥራ ቢሰላ ወደ ስድስት ወር ገደማ ነው። ካሊፎርኒያም ውጭ ለተማረ አመልካች እስከ 9 ወር ሊደርስ የሚችል በቁጥጥር ሥር የሚሰጥ የክሊኒክ አገልግሎት በሕጓ አስቀምጣለች። ይህን አስቀድሞ ማወቅ የቤት ኪራይና የልጆች ወጪ ላለበት ሰው ትልቅ ነገር ነው፤ ተቆጣጣሪ የሚሆን ክሊኒክ ማግኘትም በራሱ ሥራ ነው።

«ቀላል በሆነ ግዛት ላውጣና በኋላ ወደምኖርበት አዛውራለሁ» የሚል ምክር በየቡና ቤቱ ይሰማል። ፈተናው አገር አቀፍ ስለሆነ ውጤቱ ወደ ሌላ ግዛት ይተላለፋል፤ ያ እውነት ነው። ነገር ግን ሁለተኛው ግዛት የትምህርት ማስረጃዎን እንደገና የመመርመርና በራሱ መስፈርት የመመዘን ሙሉ መብት አለው። አቋራጭ የመሰለው መንገድ ለሁለት ቦርድ መክፈልና ሁለት ጊዜ መጠበቅ ሊሆን ይችላል። የሚኖሩበት ወይም ሊኖሩበት ያሰቡት ግዛት ላይ ይጀምሩ።

ሁለተኛ፦ ሰነዶቹን ከአገር ቤት ያስልኩ

ብዙ ሰው የሚዘገየው በፈተናው አይደለም፤ እዚህ ላይ ነው። ገና ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆኑና ቪዛ የሚጠብቁ ከሆነ፣ ይህን ክፍል ሻንጣ ከማዘጋጀትዎ በፊት ይጨርሱ።

የመጀመሪያው የወጪ መጋራት ጉዳይ ነው። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ሰው የወጪ መጋራት ግዴታውን በክፍያ ወይም በአገልግሎት እስካላጠናቀቀ ድረስ ዋናውን ዲግሪና ኦፊሴላዊ ትራንስክሪፕቱን ማግኘት ይቸገራል። ጊዜያዊ የምስክር ወረቀት ይዞ አሜሪካ መምጣት ለቦርድ ምንም አይጠቅምም። ክፍያውን ይጨርሱ፣ ማረጋገጫ ደብዳቤውን ይያዙ፣ ከዚያ ወደ ሬጅስትራር ይሂዱ።

ትምህርትዎን ከአሜሪካው ጋር የሚያነጻጽረው ገምጋሚ ድርጅት (በሦስተኛው ክፍል እመለስበታለሁ) ትራንስክሪፕቱን የሚፈልገው በቀጥታ ከዩኒቨርሲቲው ነው፤ በእርስዎ እጅ ያለፈ ሰነድ፣ ማኅተም ቢኖረውም፣ እንደ ኦፊሴላዊ አይቆጠርም። የራስዎን ቅጂ በኮምፒውተር ያስቀምጡ፤ ዋናውን ግን ለማንም አይላኩ። አሜሪካ ሆነው ጉዳዩን የሚያስፈጽምልዎ ወንድም ወይም እህት ካለ፣ በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ በኩል ውክልና ይስጡ። ውክልናው ላይ «ከዩኒቨርሲቲ፣ ከትምህርት ሚኒስቴርና ከጤና ሚኒስቴር ማስረጃ የመጠየቅና የማስላክ» የሚለው በግልጽ ይጻፍ፤ ጥቅል የንብረት ውክልና ይዞ የሄደ ወኪል መስኮት ላይ ተመልሷል።

ሁለተኛው የትምህርት ዝርዝር ነው። ትራንስክሪፕት የኮርሱን ስምና ውጤት ብቻ ያሳያል። ገምጋሚው ማወቅ የሚፈልገው በኮርሱ ውስጥ ምን እንደተማሩ ነው፤ «ኒውሮሎጂ 2» የሚለው ስም ስለ ስትሮክ ተሐድሶ ይሁን ስለ ጀርባ አጥንት ገመድ ጉዳት አይናገርም። ስለዚህ የትምህርት ክፍሉ እርስዎ በተማሩበት ዘመን ይሠራበት የነበረውን የኮርስ መግለጫ፣ የክሬዲት ሰዓቱንና በተለይም የክሊኒክ ልምምዱን ሰዓት በየክፍሉ ለይቶ በማኅተም እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። ሥርዓተ ትምህርቱ በየጊዜው ስለሚቀየር የዛሬውን ከሰጡዎት ከትራንስክሪፕትዎ ጋር አይገጥምም። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ የክፍል ጓደኛዎ ከሆነ ዕድለኛ ነዎት። ካልሆነ ታግሠው ደጋግመው ይደውሉ።

ሦስተኛው ስም ነው። እኛ የአባትና የአያት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለንም። ትራንስክሪፕቱ ላይ የራስና የአባት ስም ብቻ ይኖራል፤ ፓስፖርቱ አያት ይጨምራል፤ የአሜሪካ ሰነዶች አያትን የቤተሰብ ስም አድርገው አባትን መሀል ያስገቡታል፤ በዚያ ላይ በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንድ ስም ሦስት ዓይነት አጻጻፍ ይኖረዋል። ለፈተና ሲመዘገቡ የሚሰጡት ስም ፈተና ማዕከሉ በር ላይ ከሚያሳዩት መታወቂያ ጋር በፊደል ደረጃ መመሳሰል አለበት፤ ካልተመሳሰለ ላያስገቡዎት ይችላሉ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ማመልከቻ ጀምሮ በፓስፖርት ወይም በግሪን ካርድ ላይ ያለውን አጻጻፍ ብቻ ይጠቀሙ፤ ዲግሪው ላይ ያለው የሚለይ ከሆነም ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ከዩኒቨርሲቲው ያስጽፉ።

አራተኛው ዘመን አቆጣጠር ነው፤ ትንሽ ይመስላል፣ ነገር ግን ፋይል ያስቆማል። አንዱ ሰነድ 2005 የሚለው በእኛ አቆጣጠር ከሆነና ሌላው 2013 ካለ፣ ለገምጋሚው አንድ ሰው ሁለት ጊዜ የተመረቀ ይመስለዋል። ሬጅስትራሩ በእያንዳንዱ ሰነድ ላይ አቆጣጠሩን እንዲገልጽ ያድርጉ።

በመጨረሻም ኢትዮጵያ ውስጥ ፈቃድ አውጥተው ሠርተው ከሆነ፣ ከጤና ሚኒስቴር ወይም ፈቃዱን ከሰጠው የክልል ጤና ቢሮ የመልካም ሥነ ምግባር ደብዳቤ ያስፈልግዎታል። ይህም በቀጥታ ለገምጋሚው ወይም ለቦርዱ ነው የሚላከው። የሠሩበት ሆስፒታል የሥራ ልምድ ደብዳቤ ቀንና የሥራ ድርሻ በግልጽ ያስቀምጥ።

ሦስተኛ፦ የትምህርት ግምገማ

በዚህ ሙያ ዋነኛው ገምጋሚ የውጭ አገር የፊዚዮቴራፒ ትምህርት ማስረጃ ኮሚሽን፣ በምሕጻረ ቃሉ ኤፍ ሲ ሲ ፒ ቲ ነው። መቀመጫው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። አንዳንድ ግዛቶች ሌሎች ገምጋሚዎችንም ይቀበላሉ፤ ለዚህም ነው አስቀድመው የቦርዱን ዝርዝር ይዩ ያልኩት። ለሌላ ሥራ ወይም ለትምህርት ቤት ያሠሩት ጠቅላላ የዲግሪ ግምገማ ይህን አይተካም። ይህኛው ኮርስ በኮርስ፣ ሰዓት በሰዓት ነው።

መለኪያው የግዛቶች የፊዚዮቴራፒ ቦርዶች ፌዴሬሽን ያዘጋጀው የኮርሶች ማነጻጸሪያ ነው። የትኛው እትም እንደሚሠራብዎ በተመረቁበት ዓመት ይወሰናል፤ አዲስ ተመራቂ በአዲሱና ከበድ ባለው ይለካል። አሜሪካ ውስጥ ያሉ እውቅና ያላቸው ፕሮግራሞች ሁሉ ከ2016 ጀምሮ የሚሰጡት የዶክትሬት ደረጃ ትምህርት መሆኑን ያስታውሱ። በአራት ወይም በአምስት ዓመት የባችለር ዲግሪ የተመረቀ ሰው ከዚህ ጋር ነው የሚነጻጸረው። ክፍተት ቢገኝ ሊገርም አይገባም፤ ትምህርቱ ደካማ ነበር ማለትም አይደለም።

ክፍተቶቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው በጠቅላላ ትምህርት ነው፤ ማኅበራዊ ሳይንስ፣ ሥነ ጽሑፍ፣ ታሪክና የመሳሰሉት። ይህኛው በቀላሉ ይሞላል፤ በአቅራቢያዎ ባለ የማኅበረሰብ ኮሌጅ ኮርስ በመውሰድ ወይም ክሌፕ በሚባለው የኮሌጅ ደረጃ ፈተና። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ግን ገምጋሚው ያንን የተለየ ኮርስ እንደሚቀበል በጽሑፍ ይጠይቁ። ሁለተኛው የሙያ ክፍተት ነው፤ ለምሳሌ የሥዕላዊ ምርመራ ንባብ፣ ፋርማኮሎጂ፣ የልዩነት ምርመራ (ተመሳሳይ ምልክት ያላቸውን ሕመሞች መለየት)፣ የክሊኒክ ሰዓት ማነስ። ይህ እውቅና ያለው የፊዚዮቴራፒ ፕሮግራም የሚሰጠውን ኮርስ መውሰድ ይጠይቃል፤ ጊዜውም ወጪውም ከፍ ያለ ነው። እዚህ ደረጃ ላይ ተስፋ ቆርጦ ወደ ሌላ ሥራ የሚሄድ ሰው አለ። እኔ የምመክረው የክፍተቱን ዝርዝር ይዞ ከፕሮግራሞች ጋር መነጋገር ነው፤ ዝርዝሩ ከወሬው ይልቅ አጭር ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

ቀጣሪ ፊዚዮቴራፒስት ብሎ ስፖንሰር ያደረገውና በሥራ ቪዛ የሚመጣ ሰው ተጨማሪ ነገር አለበት፤ የጤና ባለሙያ የምስክር ወረቀት። ይህ ከ1996ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ የመጣ ግዴታ ነው፤ ኤፍ ሲ ሲ ፒ ቲ ይሰጠዋል፣ ለ5 ዓመትም ያገለግላል። መልካሙ ዜና ፊዚዮቴራፒስቶች ከነርሶች ጋር የሠራተኛ እጥረት አለባቸው ተብለው አስቀድመው በተለዩ ሙያዎች ዝርዝር ውስጥ መሆናቸው ነው፤ ቀጣሪው አሜሪካዊ ሠራተኛ ፈልጌ አጣሁ ብሎ የማስረዳቱን ረጅም ሂደት ይዘላል። በዲቪ ወይም በቤተሰብ የገባ ሰው ግን በቀጥታ ወደ ግዛቱ ቦርድ ነው የሚሄደው።

አራተኛ፦ እንግሊዝኛ

የዩኒቨርሲቲ ትምህርታችን በእንግሊዝኛ ነው። አንዳንድ ግዛቶች ይህን ያከብራሉ፤ ቨርጂኒያ ለምሳሌ የፊዚዮቴራፒ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ መሰጠቱን የሚያሳይ ማስረጃ ሲቀርብ ፈተናውን ልታስቀር ትችላለች። ስለዚህ ሬጅስትራሩ ጋ ሲሄዱ ይህን ደብዳቤም አብረው ያስጽፉ። ለጤና ባለሙያ የምስክር ወረቀት ግን አይሠራም፤ ከእንግሊዝኛ ፈተና ነጻ የሚደረጉት በአውስትራሊያ፣ በካናዳ ከኩቤክ በስተቀር፣ በአየርላንድ፣ በኒውዚላንድ፣ በእንግሊዝና በአሜሪካ የተማሩ ብቻ ናቸው።

ቶፍል ከወሰዱ ውጤቱ የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ነው። ግምገማው ሊራዘም ስለሚችል ከመጠን በላይ ቀድሞ መፈተን ገንዘብ ማባከን ነው። ቦርዶች የሚያዩት ጠቅላላ ድምሩን ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱን ክፍል ነጥብ ነው፤ ሰዋስው ጠንቅቀን የምናውቀውን ብዙዎቻችንን የሚያስቸግረን ደግሞ የንግግሩ ክፍል ነው።

አምስተኛ፦ ብሔራዊ ፈተናው

ኤን ፒ ቲ ኢ የሚባለው ፈተና በፌዴሬሽኑ ይዘጋጃል፣ በፕሮሜትሪክ ማዕከላት በኮምፒውተር ይሰጣል። ለፊዚዮቴራፒስቶች በዓመት አራት ጊዜ፣ በጥር፣ በሚያዝያ፣ በሐምሌና በጥቅምት ገደማ በተወሰኑ ቀናት ብቻ ነው። የምዝገባው ቀን ካለፈ ሦስት ወር መጠበቅ ነው። የፌዴሬሽኑ ክፍያ 485 ዶላር ሲሆን የማዕከሉ ክፍያ ለብቻው ነው።

ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ጥያቄዎቹ 225 ናቸው፤ አምስት ክፍል፣ በየክፍሉ 45። ከነዚህ 180ው ብቻ ይታረማሉ፤ የቀሩት ለወደፊት የሚሞከሩ ናቸው፣ የትኞቹ እንደሆኑ ግን አይነገርዎትም። ጊዜው 5 ሰዓት ነው። ከሁለተኛው ክፍል በኋላ ሰዓቱ የማይቆጠርበት የ15 ደቂቃ ዕረፍት አለ፤ በሌሎቹ ክፍሎች መካከል ቢወጡ ሰዓቱ ይሄዳል። ውጤቱ ከ200 እስከ 800 ባለ ሚዛን ይሰጣል፣ ማለፊያው 600 ነው። ይህ 600 ከመቶ ተሰልቶ የመጣ አይደለም፤ ስለዚህ «ስንት ልክ ማግኘት አለብኝ» የሚለው ቁጥር ከአንዱ የፈተና ዙር ወደ ሌላው ጥቂት ይለያያል።

ገደቦቹን በደንብ ያንብቡ። በ12 ወር ውስጥ ከሦስት ጊዜ በላይ መፈተን አይቻልም፤ በሕይወት ዘመን ደግሞ ስድስት ጊዜ ብቻ ነው። 400 ወይም ከዚያ በታች ሁለት ጊዜ ያመጣ ሰው ከዚያ በኋላ አይፈተንም። «ለልምድ አንዴ ልሞክረው» የሚለው ልማድ እዚህ አደገኛ ነው። ለመለማመድ ፌዴሬሽኑ ራሱ ያዘጋጀው ፒት የሚባል የመለማመጃ ፈተና አለ፤ ከሌሎቹ መጻሕፍት ሁሉ ለዋናው የሚቀርበው እሱ ነው።

በይዘቱ የአጥንትና ጡንቻ ክፍል ትልቁን ድርሻ ይይዛል፤ የነርቭ፣ ከዚያም የልብና ሳንባ ክፍል ይከተላሉ። የእኛን ሰው የሚያደናግሩት ግን ብዙውን ጊዜ የአሜሪካን አሠራር የሚጠይቁት ናቸው። ለዊልቸር መወጣጫ የሚፈቀደው ተዳፋት 1 ለ12 መሆኑን፣ የፊዚዮቴራፒስት ረዳት ምን ማድረግ እንደሚፈቀድለትና እንደማይፈቀድለት፣ ታካሚው ያለ ሐኪም ማዘዣ በቀጥታ ሲመጣ የትኛው ምልክት ሲታይ ወደ ሐኪም መመለስ እንዳለበት ይጠይቃል። በሁሉም ግዛቶች ታካሚ በተለያየ ገደብ በቀጥታ ወደ ፊዚዮቴራፒስት መሄድ ስለሚችል፣ ካንሰርን ወይም የደም መርጋትን ከጡንቻ ሕመም መለየት የፈተናው ዋና ጉዳይ ነው። በጥቁር አንበሳ ሐኪሙ የጻፈውን ተቀብሎ መሥራት የለመደ ሰው የማጥኛ ጊዜውን ትልቁን ክፍል እዚህ ላይ ያውል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። በቴሌግራም ቡድኖች «ባለፈው የመጡ ጥያቄዎች» የሚል ፋይል ይዘዋወራል። አይክፈቱት፤ ፈተናውን ጨርሰው ሲወጡም ያስታወሱትን ለማንም አይንገሩ። ፌዴሬሽኑ በ2010 የፈተና ጥያቄ ማሾለክን ምክንያት አድርጎ የግብጽ፣ የሕንድ፣ የፓኪስታንና የፊሊፒንስ ምሩቃንን ፈተና አግዶ ነበር። ከዚያም በኋላ ለነዚህ አገሮች ምሩቃን የተለየ ፈተና ተዘጋጀ። ያልበደሉት ከበደሉት ጋር ተቀጡ። የእኛ ቁጥር ትንሽ ስለሆነ ነገሩ አይደርስብንም ማለት የዋህነት ነው።

ስድስተኛ፦ የግዛቱ ሕግ ፈተና፣ አሻራና ፈቃዱ

ብሔራዊውን ያለፈ ሰው በብዙ ግዛቶች የግዛቱን ሕግ የሚመለከት አጭር ፈተና ይጠብቀዋል፤ ሜሪላንድ፣ ካሊፎርኒያና ቴክሳስ ይህን ይጠይቃሉ። ከባድ አይደለም፤ ሕጉን ማንበብ ይበቃል። የጣት አሻራና የወንጀል ታሪክ ምርመራም አለ። ማመልከቻው ላይ ያለፈ የፍርድ ቤት ጉዳይ ካለዎት በዝርዝር ይጻፉ፤ የትራፊክ ጉዳይ ቢሆን እንኳ ጥያቄው የሚያካትተው ከሆነ ይግለጹት። ቦርዶች ከጉዳዩ ይልቅ መደበቁን አጥብቀው ይይዛሉ።

ፈቃዱ እስኪወጣ ብዙ ሰው በክሊኒኮች በረዳትነት ይሠራል፤ ዕቃ ማዘጋጀት፣ ታካሚ ማንቀሳቀስ። ጥሩ ነው፣ የአሜሪካን ክሊኒክ አሠራርና ሰነድ አያያዝ ያስተምራል። ነገር ግን ፊዚዮቴራፒስት የሚለው መጠሪያ በሕግ የተጠበቀ ነው። በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ ለሚያውቅዎት ሰው «እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ» ብሎ በቤቱ ወገቡን ማከም፣ ወይም በፌስቡክ ገጽ ላይ መጠሪያውን ጽፎ ቀጠሮ መያዝ፣ በብዙ ግዛት ያለ ፈቃድ መሥራት ነው። እናቶች «ልጄ፣ እጅህን አድርግልኝ» ሲሉ እምቢ ማለት ከባድ መሆኑ ይገባኛል። ፈቃዱ እስኪመጣ ግን ወደሚሠሩበት ክሊኒክ ይምሯቸው።

ሰባተኛ፦ እድሳትና ተከታታይ ትምህርት

ፈቃዱ ወጣ ማለት ሩጫው አለቀ ማለት አይደለም። በአብዛኞቹ ግዛቶች በየሁለት ወይም በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል፤ ለማደስም በአብዛኞቹ የተወሰነ ሰዓት ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ትምህርት መውሰድ ግዴታ ነው። ሰዓቱ በየግዛቱ ይለያያል።

ሜሪላንድ ለፊዚዮቴራፒስት በሁለት ዓመት 30 ሰዓት ትጠይቃለች፤ እድሳቱ ግንቦት መጨረሻ፣ በአውሮፓውያኑ ሜይ 31 ላይ ነው። ሳይታወቅ በሚያድር አድልዎ ላይ የሚሰጥ ሥልጠናም አንድ ጊዜ መወሰድ አለበት። ቨርጂኒያም 30 ሰዓት ትጠይቃለች፤ ነገር ግን ቢያንስ 20ው እውቅና ባለው አካል የተሰጠ መሆን አለበት፣ እስከ 10 የሚደርሰው ደግሞ ራስን በራስ ማስተማርን፣ ከባልደረባ ጋር መመካከርንና የመሳሰለውን ሊያካትት ይችላል። የቨርጂኒያ ፈቃድ የሚያበቃው በአውሮፓውያኑ ተጋማሽ ቁጥር ባለው ዓመት፣ ዲሴምበር 31 ነው። ዋሽንግተን ዲሲ 40 ሰዓት ትጠይቃለች፤ ከነዚህ የተወሰነው ከተማዋ በምትመርጣቸው ርዕሶች ላይ ነው፤ ፈቃዱም በአውሮፓውያኑ ኢተጋማሽ ቁጥር ባለው ዓመት፣ ጃንዋሪ 31 ላይ ያበቃል።

ከዲሲ አካባቢ ራቅ ስንል፣ ካሊፎርኒያ 30 ሰዓት ትጠይቃለች፣ ከነዚህም 2ቱ ስለ ሥነ ምግባርና ሕግ፣ 4ቱ ስለ ሕይወት አድን እርዳታ። ኒውዮርክ በሦስት ዓመት 36፣ ከነዚህ በራስ ጥናት የሚቆጠረው ከ12 አይበልጥም። ቴክሳስ በሁለት ዓመት 30 ክሬዲት፣ በእያንዳንዱ እድሳትም የሕግ ፈተናውን እንደገና። ሚኔሶታ 20። ፍሎሪዳ 24፣ ከነዚህ 2ቱ የሕክምና ስሕተትን ስለመከላከል። በሲያትል የሚሠራ ሰው ራስን ማጥፋትን አስቀድሞ ስለመለየት የ3 ሰዓት ሥልጠና አንድ ጊዜ መውሰዱን እንዳይረሳ።

የኮርስ ማስታወቂያዎች ላይ አንዳንዴ ሰዓት፣ አንዳንዴ ሲ ኢ ዩ ይጻፋል፤ አንድ ሲ ኢ ዩ 10 ሰዓት ነው። «0.3» የሚል ኮርስ 3 ሰዓት ማለት ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው ሠላሳ ሰዓት ጨርሻለሁ ብሎ ሦስት ሰዓት ይዞ ይገኛል።

ኮርስ ከመግዛትዎ በፊት ሁለት ነገር ያረጋግጡ፦ የእርስዎ ግዛት ያንን ኮርስ ወይም አዘጋጁን ይቀበላል? ኮርሱ በቀጥታ የሚሰጥ ነው ወይስ የተቀረጸ? አንዳንድ ግዛቶች የተቀረጸውን በገደብ ነው የሚቆጥሩት። «በሁሉም ግዛት ተቀባይነት ያለው» የሚል ማስታወቂያ ማስታወቂያ ነው። የፌዴሬሽኑ አፕቲቲዩድ የሚባል ነጻ መመዝገቢያ የእያንዳንዱን ግዛት መስፈርት ያሳያል፤ ሰርተፊኬቶችዎንም እዚያው መጫን ይችላሉ።

በሥራ ላይ ተጠምደው ሁሉንም ወደ መጨረሻው ወር የሚያስተላልፉ ብዙ ናቸው። በሁለት ዓመት 30 ሰዓት በወር ሲካፈል ከአንድ ሰዓት ከሩብ አይበልጥም። በዚህ መንገድ የሚሄድ ሰው የሚጠቅመውን ኮርስ መምረጥ ይችላል፤ በመጨረሻው ሳምንት የሚሮጠው ግን ርካሹንና ቶሎ የሚያልቀውን ይወስዳል። የሚያክሟቸው ታካሚዎች አረጋውያን ከሆኑ ስለ ሚዛንና መውደቅ፣ ስትሮክ ያለባቸው ከሆኑ ስለ እሱ ይማሩ። ባለሁለት ግዛት ፈቃድ ያለው ሰው ደግሞ ከፍ ያለውን ሰዓት ዒላማ ያድርግ፤ ሜሪላንድና ዲሲ ለያዘ ሰው ሁለቱም የሚቀበሉት 40 ሰዓት ለሁለቱም ሊያገለግል ይችላል፣ የእድሳት ዘመኖቹ ግን እኩል ስላልሆኑ እያንዳንዱ ኮርስ የተወሰደበት ቀን በየትኛው ዘመን ውስጥ እንደሚወድቅ ይጻፉ። የተረፈ ሰዓት በአብዛኛው ወደሚቀጥለው አይተላለፍም።

ሲያድሱ የሚጠየቁት «ሰዓቱን ጨርሻለሁ» ብለው እንዲያረጋግጡ ብቻ ነው፤ ሰርተፊኬት ላይጠየቁ ይችላሉ። በኋላ ግን ቦርዱ በዕጣ መርጦ ይመረምራል። ስለዚህ ሰርተፊኬቶቹን ቢያንስ ለአራት ዓመት ያስቀምጡ፤ ቨርጂኒያ በሕግ የምትጠይቀው ይህንኑ ነው። ሰዓቱ ካልሞላ ጨርሻለሁ ብለው አይፈርሙ። ሰዓት ማነሱ ይቀጣ እንጂ ይስተካከላል፤ ሐሰተኛ ማረጋገጫ ግን የዲሲፕሊን መዝገብ ሆኖ በሄዱበት ግዛት ሁሉ ይከተላል። ወሊድ፣ ሕመም ወይም ወደ አገር ቤት የወሰደ ሐዘን ካጋጠመዎት የእድሳቱ ቀን ሳያልፍ በጽሑፍ ማራዘሚያ ይጠይቁ።

ከአንድ በላይ ግዛት ውስጥ መሥራት

የፊዚዮቴራፒ ስምምነት የሚባል የግዛቶች ውል አለ፤ ከ2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። በአባል ግዛት የሚኖርና ፈቃዱ ንጹሕ የሆነ ባለሙያ በሌላ አባል ግዛት ሙሉ ፈቃድ ሳያወጣ የመሥራት መብት በክፍያ ያገኛል። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ሁለቱም አባል ናቸው፤ ካሊፎርኒያ አይደለችም። የውጭ ምሩቅ መሆን ከዚህ አያግድም፤ አንዴ ሙሉ ፈቃድ ከያዙ እኩል ነዎት። መኖሪያ ግዛት የሚባለው መንጃ ፈቃድዎ የወጣበት ነው፤ መንጃ ፈቃዱን ሳይቀይሩ ቤት የቀየሩ እዚህ ይጠንቀቁ። ተከታታይ ትምህርቱን የሚያሟሉት በመኖሪያ ግዛትዎ መስፈርት ብቻ ነው፤ የሚሠሩበትን ግዛት ሕግ ማክበር ግን ግዴታ ነው፣ የአንዳንዶቹንም የሕግ ፈተና መውሰድ ይኖርብዎታል። ባለፉት ሁለት ዓመታት የዲሲፕሊን እርምጃ የተወሰደበት ሰው ይህን መብት አያገኝም። ወደ ሌላ ግዛት ጠቅልለው ከገቡም መብቱ ከቀድሞው ፈቃድ ጋር ያከትማል፤ አዲሱን ግዛት በዝውውር ፈቃድ ይጠይቁ፣ የፈተና ውጤትዎ ከፌዴሬሽኑ፣ የፈቃድ ማረጋገጫዎ ከቀድሞው ቦርድ በቀጥታ እንዲላክም ያዝዙ።

አድራሻ ሲቀይሩ ለቦርዱ ያሳውቁ፤ የእድሳት ማስታወሻና የምርመራ ደብዳቤ የሚመጣው ቦርዱ ወዳለው አድራሻ ነው፣ ማስታወሻው አልደረሰኝም ማለትም ፈቃዱ ከማብቃት አያድነውም። የእድሳት ቀኑን በስልክዎ ላይ ከስድስት ወር፣ ከሦስት ወርና ከአንድ ወር በፊት እንዲያስታውስ አድርገው ይመዝግቡ።